አንደኛ መውጣት የለመደችው ልጅ

«መምህር፣ እዚህ አንደኛ ናት። እዚያ ሄዳ ሃያኛ ብትወጣስ?»

ዛሬ ጠዋት እንዲህ ብለው የጠየቁኝ የተማሪዬ የሜሮን አባት ናቸው፤ ከቃሊቲ መጋዘኖች ጭነት የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሹፌር። ልጃቸው ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው ወደሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት አልፋለች። እሳቸው ግን የፈቃድ ቅጹን አልፈርምም ብለዋል።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያሉትን ካርዶቿን በፌስታል ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው። ሁሉም ላይ ደረጃዋ 1ኛ ነው። (እኔ ተማሪ ሳለሁ ካርዴን የምደብቅበት ቦታ ነበረኝ፤ እሱን አልነገርኳቸውም።)

አብራቸው የመጣችው ሜሮን ቀስ ብላ «አባዬ፣ አንደኛ መውጣቱንማ ለመድኩት። እኔ የምፈልገው ስጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው ነው» አለች።

የሂሳብ አስተማሪዋ እኔ ነኝ።

ከወር በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ «ነገ እነግርሻለሁ» ብያት ነበር። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም።

አባቷ ካርዶቹን ወደ ፌስታሉ መለሱና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። የራሴን ሰጠኋቸው፤ ፈረሙ።

ሊወጡ ሲሉ «የዚያን ጥያቄ መልስ እዚያ ስታገኚው ለእኔም ንገሪኝ» አልኳት።

እስቲ እናንተም፣ ልጃችሁ ወይም ተማሪያችሁ በልጧችሁ ደስ ያላችሁን ቀን አጫውቱኝ።