የላማንቲያ ስም

ክሮቺፊሳ በላማንቲያ ቤት ልብስ አጣቢነት በገባች በሁለተኛው ዓመት ጌታዋ ዶን ሉዶቪኮ ላማንቲያ አስረገዛት። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ልጇ ጋስፓሬ የሰውየውን አፍንጫ እንዳለ ገልብጦ ነው የተወለደው። ስሙን ግን ነፈገው። ልጁ በእናቱ ስም እየተጠራ፣ እኩዮቹ "አባትህ የትኛው ነፋስ ነው?" እያሉ እያላገጡበት አደገ።

ሃያ ዓመት ሙሉ የለመነችው አንድ ነገር ነው።

"ጌታዬ፣ ሌላ ምንም አልልዎትም፤ ስምዎን ብቻ ይስጡት።"

ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አንድ ቀን ግን ራሱ ጠራት።

"በይ፣ ነገ ልጅሽን ይዘሽ ማዘጋጃ ቤት ነይ። ላማንቲያ አደርገዋለሁ።"

እግሩ ላይ ወድቃ ሳመችው፤ ምስኪን! ጮቤ እየረገጠች ወደ ማጠቢያው ገንዳ ወረደች። ጎረቤቷ ፊሎሜና የያዘችውን አንሶላ መጭመቋን ሳታቆም ሰማቻት።

"አንቺ ሞኝ! ከሚስቱ የወለደው ኢኛሲዮ ለውትድርና መድረሱን አልሰማሽም? ሕጉ ካንድ አባት ልጆች ታላቁ ከዘመተ ታናሹ ይቅር ይላል። ታላቁ ደግሞ ያንቺ ሊሆን ነው፤ በስምሽ ቢቀር እናቱን ጧሪ አንድ ልጅ ነው ተብሎ ማንም አይነካውም ነበር።"

"ቅናት ነው የሚያናግርሽ!"

"ይሁን፣ ቅናት ነው።"

በወሩ ምልምሎቹ አደባባይ ተሰለፉ። "ላማንቲያ ጋስፓሬ!" ሲባል ልጁ የተጠራው እሱ መሆኑን ረሳ፤ ጎኑ ያለው በክርኑ ሲጎሽመው ነው "አቤት!" ያለው። ኢኛሲዮ በሰገነት ላይ ሆኖ ብርቱካን ይልጥ ነበር።

ጋስፓሬ ባሕር ተሻግሮ ትሪፖሊ ዘመተና ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። መርዶው ወደ ስሙ ባለቤት፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የላማንቲያ ቤት ሄደ። ክሮቺፊሳ የሰማችው ከቤተ ክርስቲያን ደወል በኋላ ነው።

በመንደሩ ደንብ ሐዘን የገባበት ቤት እሳት አይነድበትም፤ ጎረቤት ሾርባና ዳቦ ይዞ ይመጣል። እሷም ምድጃዋን አጥፍታ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ሳህን የያዙ ሴቶች በደጇ አለፉ። ሁሉም ዳገቱን ወጡ። ላማንቲያ የሞተው ላማንቲያ ቤት ነዋ! ክሮቺፊሳ ሦስት ቀን ጦሟን ዋለች፣ ጦሟን አደረች።

በሦስተኛው ቀን የዶን ሉዶቪኮ ሚስት ዶና ቤኔዴታ ላከችባት።

"የለቅሶው ሳህን ተከምሯል፤ መጥተሽ እጠቢ።"

ሄደች። ልጇን ለማልቀስ የመጣውን ዕቃ በአመድ እያሸች አጠበች። ከመሃሉ አፉ የተሸረፈውን የፊሎሜናን ጎድጓዳ ሳህን አየች፤ እሱን ሁለት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ ዕቃውን ለየባለቤቱ ልታደርስ በቅርጫት ተሸክማ ወረደች።

ፊሎሜና በሯን ስትከፍት ፊቷ ቀላ።

"ባሌ የሚያርሰው የዶን ሉዶቪኮን መሬት አይደል፣ ክሮቺፊሳ… ምን ላድርግ?"

ክሮቺፊሳ ሳህኑን ሰጠቻትና ወደሚቀጥለው ደጅ አለፈች። እዚያ ያሉት አሮጊት ዕቃቸውን ተቀብለው አማተቡ።

"ለእመቤትሽ እግዜር ያጽናዎት በይልኝ። ልጅ መቅበር ከባድ ነው።"

"እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አለች።