ክላሲካል አይደለም

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ክንዴን አልኮል በነካ ጥጥ ስትጠርገው መርፌውን ረሳሁት። አልኮልና ጥጥ ለእኔ የሕመም ሽታ አይደለም፤ ነፋስ ስልክ መንገድ ዳር የነበረው የሙዚቃ ቤት ሽታ ነው። ጠዋት ጠዋት መቅዳት ከመጀመሬ በፊት የቴፖቹን ሄድ፣ ያንን ካሴቱ እየታከከው የሚያልፈውን ትንሽ ብረት፣ እንዲያ ባለ ጥጥ እጠርገው ነበር። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ነርሷ "አላመመሽም እንዴ?" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም፤ ሰዓት እላፊው ተነስቶ ሰርጉና ጭፈራው በዝቶ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ካሴት ቀጂ ሆንኩ። ሥራውን የሰጡኝም ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ወሬ ስታበዛ የተቀዳ ካሴት ላይ ደግማ እየቀዳች አስቸግራቸዋለች። እኔን ግን "አንቺ እንኳን ወሬ ሰላምታም አይወጣሽ" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ካሴቱን በጣቴ ነበር የማሳየው።

አንድ ረቡዕ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች አንድ ካሴት ይዘው መጡ። አንዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኦርጋን ተጫዋች ነው። ሌላው ጓደኛው ከበሮ መቺ ነው። የቀበሌው ኪነት ከፈረሰ በኋላ ኦርጋኑ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ አይተው፣ ለምነው ለአንድ ወር ወስደውታል። አንድ ቴፕ የቀዱትን ሲያጫውት ሌላው ቴፕ አዲሱን ጨምሮ እየቀዳ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ደርበው የራሳቸውን የጭፈራ ሙዚቃ ሠሩ። ዘፋኝ የለውም። ባዶ ካሴቱን ያዋሷቸው ጋሼ ነበሩ። ኦርጋኑን ቀበሌው መልሶ ወስዶታል፤ ስለዚህ በዓለም ላይ ያለው ያ አንድ ካሴት ብቻ ነው።

ጋሼ በውጪው ስፒከር ከፈቱት። ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ደጃፋችን ላይ ቆሎ የሚሸጡት እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡና፣ "ልጆቼ፣ ማን ሞተ?" አሉ።

አይፈረድባቸውም። በእኛ ሰፈር ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሁሉ ስሙ ክላሲካል ነው። ሬዲዮ ክላሲካል የሚለቀው ዜና እስኪደርስ ነው፤ ክላሲካሉ ከረዘመ ደግሞ ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል ወይ መንግሥት ወድቋል። ጋሼ እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። ኦርጋን ተጫዋቹ አልሳቀም፤ ጫማውን ነበር የሚያየው። ጋሼ "አንድ ቅጂ አውጪና ክላሲካል ብለሽ ጽፈሽ ታች ደርድሪው" አሉኝ። ለጎረምሶቹም እስከ ቅዳሜ ማታ ጠያቂ ካላገኘ ካሴቱን ከነቅጂው መልሰው እንደሚወስዱት፣ ሰኞ የሰርግ ዘፈን እንደሚያስቀዱበት ነገሯቸው። በእኔ እጅ ማለት ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ቅጂውን ሳወጣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብቻዬን ሰማሁት። መጀመሪያ የጉራጊኛ ምት መጣ፣ ግን ማንም እጅ በማይደርስበት ፍጥነት። ከሥሩ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጓራ ድምፅ አለ። ከላይ ኦርጋኑ እንደ ማሲንቆ እያለቀሰ ይጀምርና ድንገት ይስቃል። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ የካሴቶቹ ላስቲክ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስከዚያን ቀን የሰማኋቸው ዘፈኖች ሁሉ አፍ የነበራቸው ናቸው። ይሄኛው ያለ አንድ ቃል ሁሉን ነገር ይናገራል። እንዲህም ይቻላል ለካ፣ አልኩ በልቤ።

ቅጂውን ሐሙስ አንድ ሰውዬ ወሰደው። ዓርብ ተቆጥቶ መለሰው። ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው እያጠነጠነ ፈልጎ ዘፋኙን አላገኘውም። "ልጅቷ ድምፁን አጥፍታዋለች" አለ። ጋሼ ሌላ ካሴት ሰጥተው ሸኙትና ወደ እኔ ዞረው አናታቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ዕድር ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። ዋናው ካሴት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሰኞ በላዩ ላይ የምቀዳው የሰርግ ዘፈንም አጠገቡ ተቀምጧል። ሁለቱን አየኋቸው። ተነሥቼ ዋናውን ካሴት ከተትኩና የውጪውን ስፒከር ጋሼ አልፈውት ከማያውቁት ቁጥር በላይ አዞርኩት።

የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞር አለ። እማማ ከቆሏቸው ቀና ብለው "ዛሬስ ማን ሞተ?" አሉኝ። ፊቴ በርበሬ ሆነ። ቴፑን ልዘጋ እጄን ስሰድ አንድ ውይይት ታክሲ በራችን ላይ ቆመ፤ ያ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥበት መኪና። ሹፌሩ ወርዶ ደፍ ላይ ቆመ። ወፍራም ነበር። አንድ ትከሻው ግን ከእሱ ፈቃድ ውጪ ይጨፍር ነበር።

"እህቴ፣ ይሄ ክላሲካል ነው?" አለኝ።

"ክላሲካል አይደለም።"

"ታዲያ ምን ይባላል?"

ስም የለውም፤ ማንም አላወጣለትም። ሌላ ቃል ፈልጌ ሳጣ ያንኑ ደገምኩት።

"ክላሲካል አይደለም።"

"ጥሩ ስም ነው፤ አምጪው" አለ።

ዓርብ የተመለሰውን ቅጂ ሰጠሁት። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ከፈተው። ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ በውይይት ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር የለምና። ከዚያ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገችው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ኮት ለባሽ መልስ ሰጣት። ታክሲው ወደ ሳሪስ ሲወርድ እንደ ሰርግ መኪና እየተወዛወዘ ነበር።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው ጠያቂ መጣ። "ክላሲካል አይደለም አለ?" አለኝ። ሌላው ተከተለ። ሁለት ሰርገኞች ከጎተራ መጡ። ሹፌሩ ለጠየቀው ሁሉ ያንን ስም ሲናገር ነበር። ጋሼ ከዕድር ሲመለሱ በራቸው በሰው ተዘግቶ አገኙት። እየገፉ ገቡ።

"ማነው የከፈተው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ። ድምፄ ከስፒከሩ በላይ ተሰማ።

አፋቸውን ሳይከፍቱ ከኋላቸው አንድ ወጣት "ጋሼ፣ ክላሲካል አይደለም አንድ ይስጡኝ" አላቸው። ጋሼ አልገባቸውም። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰዉን አዩ። ከዚያ ወንበሬን ራሳቸው ስበው አመጡልኝ። "ቁጭ በይና ቅጂ" አሉኝ። "ስሙንም ሰው በሚጠራው ጻፊው።" በተጣመመው ጽሕፈቴ ጻፍኩት። ክረምቱ እስኪገባ ይሄ ሙዚቃ ያልተከፈተበት የሰፈራችን ሰርግ አልነበረም። እማማ እንኳን ደጃፉ ላይ ቁጭ እንዳሉ በጉልበታቸው ምቱን ይይዙ ነበር።

አሁን ቤቱ ፈርሷል። ዋናው ካሴት ከመቀዳት ብዛት ሳስቶ ሳስቶ አንድ ቀን ቴፑ በላው። ከበሮ መቺው አርፏል አሉ፤ ኦርጋን ተጫዋቹ የት እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ግን ይቺን ልንገራችሁ። ቀበሌው ኦርጋኑን መልሶ ሰጥቷቸው ሁለተኛውን ካሴት የሠሩ ቀን ሁለቱም እየሮጡ መጡ። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ኦርጋን ተጫዋቹ በትህትና አልፏቸው ወደ እኔ መጣና ካሴቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። "መጀመሪያ አንቺ ስሚው" አለ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሦስቱም ወንዶች ቆመው ፊቴን ያያሉ። እስከ መጨረሻው ሰማሁትና አወለቅሁት።

"መሐሉ ረዝሟል" አልኩ።

ኦርጋን ተጫዋቹ ወደ ጓደኛው ዞረ። "አላልኩህም?" አለው። ካሴቱን ከእጄ ወስደው፣ እየተጨቃጨቁ፣ ሊያሳጥሩት ወጡ።