በሃምሳው ጾም የለም

ሾላ ገበያ ጥግ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የማነበው ዳዊትና ሜትር ብቻ ነው። በሰው ወገብ ግን አልሳሳትም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። የሠራሁት ጥፋት ምን ያህል እንደሚያሳፍር እንዲታወቅልኝ ነው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከሴት ልጄና ከእሷ ልጅ ጋር ነው። የልጅ ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የገና ሰሞን የትምህርት ቤት ጉርድ ቀሚሷን ይዛ መጣችና "አባባ፣ ወገቡ ሰፋኝ" አለችኝ። አጠበብኩላት። ሁዳዴ ሲጋመስ ያንኑ ጉርድ ደግማ አመጣችው። አሁንም አጠበብኩ። "ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣሽ የግራ ኪስሽና የቀኝ ኪስሽ ይሳሳማሉ" ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሜትሩ እኮ እጄ ላይ ነበር!

ለምን አልጠረጠርክም የሚለኝ ካለ፣ ጾም ላይ ነበርና ነው። ልጅቷ በዚያ ዓመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመረች። ምሳ ዕቃዋን ጥላ ትሄዳለች፤ ስትመለስም ሁለት ጊዜ ጎርሳ "ጠገብኩ" ትላለች። እናቷ ተጨነቀች።

"አባዬ፣ ልጅ እኮ ናት። እስከ ስድስት ይበቃሻል ይበሏት እንጂ፤ እርስዎን ትሰማለች።"

"ተያት! የሰው ልጅ በየካፌው ሲዞር የኛዋ ጾም ያዘች ብለሽ ልታለቅሺ ነው?"

ይባስ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ "የልጅ ልጄ እኔን በለጠችኝ" እያልኩ ለእኩዮቼ አወራሁ። "እግዜር ያሳድግልህ" አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀርቦ "ሆዴን አሞኛል" አለች። ከጾም በኋላ ያለ ነው ብለን አለፍነው። በሳምንቱ ረቡዕ ግን ከሱቅ በጊዜ ተመለስኩና ዳቦ በሻይ አቀረብኩላት። ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"ጾም ነው አባባ።"

"የምን ጾም?"

"ረቡዕ አይደል እንዴ?"

እጄ ዳቦው ላይ ቀረ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። መነኩሴም ይበላል። ይህ እኛ ቤት ከፊደል በፊት የሚታወቅ ነገር ነው። ልጅቷ ቀኑን የረሳችው ጾሟ ከቤተ ክርስቲያን ስላልመጣ ነው።

"በሃምሳው ጹሚ ያለሽ ማነው?" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እንባዋ መጣና ስልኳን ዘረጋችልኝ።

መነጽሬን አጥልቄ አየሁት። አንድ ጎረምሳ ነው። ዙሪያው መስታወት በሆነ ቤት ውስጥ፣ አትላስ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም፣ ያለ ሸሚዝ ቆሞ አረንጓዴ ውሃ ይጠጣል። ቁርስ የድሮ ሰው ልማድ ነው ይላል። እንጀራ ያሳብጣል ይላል። ሲርባችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ሰውነታችሁ እየጸዳ ነው ይላል። መጨረሻ ላይ የሚሸጠውን ዱቄት ያወጣል።

እኔ ርሃብ ያየሁ ሰው ነኝ። በርሃብ የጸዳ ሰው ግን አላየሁም፤ የተቀበረ ነው ያየሁት።

"ሐኪም ነው?" አልኳት።

"አይ፣ ኮች ነው።"

"ኮች ማለት?"

"በቃ... ያሠለጥናል።"

"እሱንስ ማን አሠለጠነው?"

"ኧረ አባባ፣ ስንት ሰው ነው የሚከተለው!"

"ቀብርንም ብዙ ሰው ይከተለዋል፣ የኔ እናት።"

በእኛ ሙያ ሳይለካ የሚቆርጥ ሰው መቀስ አይሰጠውም። ይሄ ግን ዓይኗን አይቶ የማያውቃትን ልጅ ሳይለካ ይቆርጣል፣ ደግሞም ይመሰገናል። ጡንቻው እንደ ዳቦ ተነፍቷል፤ ጭንቅላቱ ላይ ግን እርሾው አልደረሰም። እኔስ? እኔ ለክቼ፣ አይቼ፣ መርቄ አጠበብኩ። እሱን ንቄ ራሴን ልተው አልችልም።

በማግስቱ እናቷና እኔ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ ስለ ሴት ነገር ስትጠይቅ ወጣሁ። ስመለስ "አባት" አለችኝ፣ "የልብ ምቷ በጣም ቀንሷል። እንዲህ ከቀጠለ ልቧን ይጎዳዋል። አትቆጧት። ብቻዋን ግን እንዳትበላ፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው አብሯት ይብላ።"

እናቷ ታክሲ ለመያዝ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። ስለዚህ የቁርሱ ሰው እኔ ሆንኩ። በየጠዋቱ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን ሦስት ጉርሻ፣ አንዳንድ ቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ለቅሶ ብቻ። ጎረምሳው በየስልኩ አረንጓዴ ውሃውን ይጠጣል፤ ከሱ ልብ የጎደለ ምት የለም።

ሃምሳው አለቀና የሰኔ ጾም ደረሰ። ሚስት ሳላገባ ጀምሮ ቁርስ የቀመስኩበት የጾም ጠዋት የለም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሁሉ፣ መኩራራቴንም ጭምር፣ ነገርኳቸው።

"ልጅቷ ታማለች፤ ጾም የለባትም" አሉ። "እርስዎስ?"

"እኔ ካልበላሁ አትበላም፣ አባቴ።"

"እንግዲያውስ ይብሉ።"

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሽሮ ፍርፍር አቀረብኩ። ልጅቷ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

"አባባ፣ ጾም አይደል?"

"ነው።"

"ታዲያ?"

"ጉረሺ፣ እጎርሳለሁ።"

የጠቀለልኩትን አንስቼ ቆየሁ። ወደ አፌ አላስጠጋሁትም። እሷም አየችው። ትንሽ ቆርሳ ጎረሰች፤ እኔም ጎረስኩ።

ከጉርዷ ያጠበብኩትን አንዱን ስፌት ፈትቼዋለሁ። ሁለተኛው ገና ነው።