ስምንት ጨዋታ ያለ ጎል

ለቅሶ ቤት ውስጥ በሦስተኛው ቀን ካርታ ይመጣል፣ ከካርታው ጋር ክርክር ይመጣል። አዳማ ውስጥ የሰፈራችን የቀድሞ በረኛ ሲሞትም እንደዚያው ሆነ።

ክርክሩን ያከረርኩት እኔ ነኝ፤ አፌ አያርፍም። ከአርሲ ነገሌ ለለቅሶ የመጣ አንድ እህል ነጋዴ የእነሱ በረኛ ሦስት ዓመት ሙሉ አይቀመስም ነበር አለ። ተናደድኩ። «የኛው በስምንት ተከታታይ ጨዋታ አንድም ጎል አልገባበትም። እንዲህ ያለ ጊዜ የነበረው ሌላ በረኛ ጥራልኝ» አልኩት።

የሟቹ አባት ጋቢያቸውን ለብሰው ከአጠገባችን ተቀምጠው ነበር። «ያኔ እናቱ ታማብን ነበር» አሉ። «ስታቃስት መስማቱን ስላልቻለው ሜዳ ይውል ነበር። በስምንተኛው ጨዋታ ቀን ልታርፍ ስትል ሰው ላክንበት፤ አልመጣም። ማንም አልነገረኝም ብሎ ማለ። አላመንኩትም። እስኪሞት ድረስ በልቤ ይቅር አላልኩትም።»

መልእክተኛውን ሜዳው በር ላይ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። እኔ እነግረዋለሁ ብዬ መለስኩት፤ ቤት ሲደርስ ተነግሮታል ብሎ ይሆናል። ክፉ ወሬ በጨዋታ መሀል አይነገርም፣ እስኪያልቅ ይቆይ ብዬ ነበር። ሲያልቅ በረኛውን ትከሻችን ላይ አውጥተን ስንጨፍር ረሳሁት።

ነጋዴው ካርታ እያደለ ነበር። አባትየው አጠገቤ እንደተቀመጡ የደረሰኝን ካርታ አነሳሁና ተራዬን ጠበቅሁ።