የበረኛው ሪባን

ሰማው ቢቸና ውስጥ ጤፍ ነጋዴ ነበር፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቡድናችን በረኛና አምበል። እኔ ከፊቱ ተከላካይ ሆኜ አምስት ዓመት ተጫውቻለሁ። ኳስ አይፈራም፤ የቱንም ያህል ግዙፍ አጥቂ ቢመጣበት እግሩ ሥር ይወድቃል። ስለ ኳስ ከሆነ ከእሱ ደፋር አላየሁም።

በ1998 ዓ.ም. ቡድናችን ስለ ኤች አይ ቪ ሊያስተምር ተነሳ። በእረፍት ሰዓት ሜዳው መሀል ቆመን በድምፅ ማጉያ እንናገራለን፤ ሜዳው ዳር ላይ የጤና ባለሙያዎች የመመርመሪያ ድንኳን ይተክላሉ። አንድ ደንብም አወጣን፤ ያልተመረመረ አይሰለፍም። የተመረመረ ካርዱን ለአምበሉ ያሳያል፣ አምበሉም ቀይ ሪባን ማልያው ላይ ያደርግለታል። የአምበሉን የራሱን ካርድ የሚያይ ግን አልመደብንም። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ይህን አለማሰቡ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሰማው ሳይመረመር ለራሱ ሪባን አደረገ። ድንኳኑ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ደርሶ ተመልሷል። ጤፍ ጭኖ ደጀን ከተማ ሲያድር የተወዳጃት ሴት ነበረች፤ ታማ ሞተች ሲባል ሰማ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ካሳለው ደረቱን ይዳብሳል፤ ሱሪው የሰፋው ከመሰለው እህል አይወርድለትም። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። እኔም የቡድኑ ስም እንዳይጠፋ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ሚስቱ ትርሲት ሪባኑን አይታ ውጤቱን ስትጠይቀው "ነፃ ነህ ብለውኛል" አላት። ትንሽ ቆይታ አረገዘች። ያኔ ፍርሃቱ ወደ እኔም ተጋባ፤ ባየኋት ቁጥር መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ከሞጣ ቡድን ጋር በተጫወትን ዕለት፣ ለእረፍት እንደወጣን ትርሲት ከግቡ ጀርባ መጣች። እኔ አጠገባቸው ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ዞር ማለት ሲገባኝ ማሰሪያዬን ፈትቼ እንደገና ማሰር ጀመርኩ።

"ዓርብ ለእርግዝና ክትትል ሄጄ መረመሩኝ" አለችው። "ቫይረሱ ደምሽ ውስጥ አለ አሉኝ። አንተ ነፃ ነህ፤ እንግዲህ የጥኖራ ሳለሁ ያገባሁት የፊተኛው ባሌ ይሆናል ያመጣብኝ። ሁለት ቀን እንዴት እንደምነግርህ ጨንቆኝ ነበር። እስካሁን አንተንም ሳላስይዝህ አልቀረሁም፤ ይቅር በለኝ። ብቻ እንዳትተወኝ፤ ለልጁ የሚሆን መድኃኒት አለ ብለውኛል።"

ሰማው የግቡን ቋሚ ያዘ። ዝም ቢል ከእኔ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጥፋተኛ ሆና ትኖርለት ነበር። ዝም ይላል ብዬ ፈራሁ። እሱ ዝም ካለ እኔ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያንን ደግሞ የባሰ ፈራሁት።

"ትርሲት፣ እኔ ተመርምሬ አላውቅም" አለ።

አልገባትም። "ሪባኑስ?"

"ራሴ ነኝ ያደረግሁት። ደጀን አንዲት ሴት ነበረች፤ ሞተች። ከዚያ በኋላ መመርመሩን ፈራሁ።"

ትርሲት አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም።

"እኔም እኮ ፈርቼ ነበር" አለችው። "ግን ብቻዬን ገባሁ።"

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰማው ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝና ወደ ድንኳኑ አመራ። አብሬህ ልግባ አልኩት። እሱ ግን ብቻውን ገባ።