ሁመይራ እና የተቆጡት ቀማሾች

ሁመይራ ከቤቷ እስከ ሥራዋ አሥራ አንድ ደቂቃ በእግሯ ትሄዳለች። ሰው ጎረቤቱ ጋ እንኳ በመኪና በሚሄድበት በዚህ በአሜሪካ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአፓርታማዋን የብረት አጥር ታልፋለች፤ የጥርስ ሐኪሙንና የሜክሲኮዎቹን ዳቦ ቤት ታልፋለች፤ በአዲሰን ከተማ ሰፊው መንገድ ላይ ቆማ፣ የእግረኛ ማቋረጫው የመብራት ሰውዬ እስኪበራ ትጠብቃለች። ከዚያ ሱፐርማርኬቱ ነው። መኪና አትነዳም። ልጇ ሰሀር አንድ ቀን ልታስተምራት ወጥታ፣ ሀይዌይ መግቢያ ላይ እናትና ልጅ ተያይዘው ካለቀሱ ወዲህ ነገሩ አልተነሣም።

ሥራዋ ማቅመስ ነው። ከእርጎው ፍሪጅ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ጥቁር ሽርጥ ታጥቃ፣ ከአውራ ጣት በማትበልጥ የወረቀት ኩባያ የኮክ እርጎ እያደረገች ለገበያተኛው ታድላለች። የቀጠራት ሱፐርማርኬቱ ሳይሆን ቅምሻ ብቻ የሚያሠራ ሌላ ድርጅት ነው። ሥራ ስትጀምር ሱፐርቫይዘሯ ኬንድራ የሰጠቻት ሕግ አጭር ነበር፦ አንዴ አቅርቢ፣ ፈገግ በዪ፣ እምቢ ካለ ተዪው።

ሁመይራ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተቀበለችውም። ተወልዳ ያደገችው ወሎ ሐይቅ ነው። እዚያ የመጀመሪያው «አይ፣ ይቅርብኝ» ጨዋነት ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። የሰውየው ልብ የሚታወቀው በሦስተኛው ነው። እና ሦስት ጊዜ ትለምናለች። «ዋን ስፑን፣ ፎር ሚ» ትላለች፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅባት ኩባያውን ወደ ሰው ደረት እያስጠጋች «አፈር ስሆን!» ትላለች። የሚደንቀው የቴክሳስ ሰዎችም እናት እየተቆጣቻቸው ያደጉ መሆናቸው ነው። ያን የሚያህል ትከሻ ያለው ሰውዬ፣ ሻሽ ያሰረች የሃምሳ አራት ዓመት ሴት እጇን ዘርግታ ስትቆምበት «የስ ማም» ብሎ እንደ ተማሪ ይበላል።

ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት የእርጎው ድርጅት፣ ላርክፊልድ፣ አዲስ ኩባያ አወጣ። ክዳኑ ላይ የዴላ ማርሽ ሥዕል አለበት። ዴላ በቴሌቪዥን ኬክ በመጋገር የታወቀች፣ ጾታዋን የቀየረች ሴት ናት። ሁመይራ ይህን አላወቀችም፤ ቴሌቪዥንም አታይም። ያወቀችው ከእርጎው ጋር ቀይ መነጽር ያደረገች፣ ቁመቷ ልክ እንደ ሰው የሆነ የካርቶን ሴት መጥታ አጠገቧ እንደቆመች ነው። ጓደኛ በማግኘቷ ደስ አላት። ጠረጴዛዋን ስትወለውል የካርቶኗንም ፊት አብራ ወለወለች።

ሰኞ ሰዉ እምቢ ማለት ጀመረ። «ኖ፣ ታንክ ዩ ማም።» ሌላውም «ኖ፣ ታንክ ዩ።» ሁመይራ ገረማት። ምን ነካው ሰዉ፣ በአንድ ጊዜ እንዲህ ጨዋ ሆነ? ይሉኝታ እንዲህ ሲበዛ ደግሞ ልመናውም መብዛት አለበት፤ ስለዚህ ልመናዋን አጠናከረች።

ማክሰኞ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ጋሪውን እየገፋ መጣ። ካርቶኗን አየ፣ እርጎውን አየ፣ ፊቱን አኮሳተረ።

«ይሄን ነገር እኔ ቤቴ አላስገባውም፣ ማም።»

ሁመይራ የገባት «ቤት» እና «አይ» የሚለው ብቻ ነው።

«ኖት ሆም» አለችው አስተካክላ። «ሂር። ስፑን።»

«ነገሩ የመርህ ነው፣ ማም…»

«ፎር ሚ።»

«አይ፣ ማለቴ…»

«አፈር ስሆን!»

ሰውዬው ግራና ቀኝ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ በላ፣ ማንኪያውን ላሰ፣ አመስግኖ ሄደ። ጋሪው ውስጥ ምንም አልጨመረም።

ረቡዕ ስትመጣ ካርቶኗ ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ አገኘቻት። ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆም እንግዳ ምን ይባላል ብላ መለሰቻት። ያን ቀን አንዲት ረጅም፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ ወጣት ከካርቶኗ ጎን ቆማ ፎቶ እንድታነሣት ስልኳን ሰጠቻት። ሁመይራ አነሣቻትና ኩባያ ዘረጋችላት። ልጅቷ እንደ መሸማቀቅ ብላ «አይ፣ ደህና ነኝ» አለች። እሷም ሦስት ጊዜ ተለመነች። በላች፤ አራት ኩባያ ገዝታ ሄደች።

ሐሙስ ነው ነገሩ የተገለጠው። ፋንታዬ ከማዶው ጠረጴዛ ላይ አይብ የምታቀምስ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሁዳዴ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አይብ ስትቆርጥ ትውላለች እንጂ ራሷ ጫፉን አትነካም። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቢላዋዋን እየጠረገች ተጠጋች።

«እትዬ ሁመይራ፣ ማለቴ… እርስዎ አልሰሙም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ሰዉ እኮ ይሄን እርጎ ቦይኮት አድርጎታል። በሷ ምክንያት» በአገጯ ወደ ካርቶኗ ጠቆመች። «ስትወለድ ወንድ ነበረች አሉ። ድርጅቱ ለምን ከሷ ጋር ሠራ ነው ነገሩ። ቲክቶኩ፣ ሬዲዮው፣ የኛም ቴሌግራም ሳይቀር። ሶ ሰዉ እምቢ የሚልዎት ከምሩ ነው።»

የሁመይራ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«ከምሩ?»

«ከምሩ።»

«ይሉኝታ አይደለም?»

«የምን ይሉኝታ! ተቆጥቶ ነው እንጂ!»

«ውይ አላህዬ! እና አራት ቀን ሙሉ የተቆጣ ሰው ነው ሳበላ የከረምኩት?»

ፋንታዬ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። «እኔማ ከማዶ ሆኜ፣ እቺ ሴትዮ አድማ ሰባሪ ናት ስል ነበር!»

«አንቺስ ትገዢዋለሽ?»

«እኔ ጾም ላይ ነኝ። ሲፈታ…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምን እዋሻለሁ፣ ነገሩ ደስ አይለኝም። እርስዎስ? በሃይማኖትዎ?»

ሁመይራ ወደ ካርቶኗ ዞረች። ስለዚህች ሴት ምን ማሰብ እንዳለባት አታውቅም፤ እስከ ዛሬ ለማሰብም ምክንያት አልነበራትም።

«እናቴ ቤት የመጣ ሰው ሳይበላ ማንነቱ አይጠየቅም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከበላ በኋላ ደግሞ ወሬ ይበዛና ይረሳል።»

ከሰዓት በኋላ ኬንድራ ደወለች። የእርጎው ሽያጭ በግማሽ ወርዷል። በዚያ ላይ አንድ ሰው አቤቱታ ጽፏል፦ «ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት እምቢታ አይገባትም።» ቅዳሜ ራሷ መጥታ ታያለች። ነገሩ የማይሆን ከሆነ የአዲሰኑ ጠረጴዛ ይታጠፍና ሁመይራ ፎርት ዎርዝ ትመደባለች።

ፎርት ዎርዝ በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ነው። ለሁመይራ ግን ከጨረቃ አይለይም። ይህን ሥራ ከማግኘቷ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ የፓርኪንጉን መኪናዎች ቀለም ስታይ ኖራለች። ሰሀር ለሥራ ሪቻርድሰን ወደሚባለው ከተማ ትወጣለች፣ እሷ ትቀመጣለች፤ ሰሀር ትመለሳለች፣ እሷ እዚያው ናት። አሁን ግን የዳቦ ቤቱ ሰዎች በስሟ ይጠሯታል። ያ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የቆመው።

«እማ» አለች ሰሀር እራት ላይ፣ «ሰዉን አንዴ ብቻ ጠይቂ። ፕሊስ። ካርቶኗንም ወደ ኋላ አድርጊያት።»

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ።»

«አንዴ መጠየቅ እኮ፣ ልጄ፣ ሂድልኝ ማለት ነው።»

ቅዳሜ ኬንድራ ታብሌቷን ታቅፋ ከፍሪጁ ጎን ቆመች። ሁመይራ ካርቶኗን አልደበቀችም፤ ሳምንት ሙሉ አብራት የቆመችን ሴት ጓዳ መክተት አልሆነላትም። ሰዉን ግን እንደ ሕጉ አንዴ ብቻ ጠየቀች። «ዩጉርት?» «ኖ፣ ታንክ ዩ።» «ኦኬ።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንግዳ ፊት በር እንደ መዝጋት ሆነባት። ኩባያዎቹ በሰልፍ እንደተደረደሩ ቀሩ። እርጎው ላይ ስስ ቆዳ መጣ። ኬንድራ ታብሌቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ባለ ባርኔጣው መጣ። አሁን ከሚስቱ ጋር ነው። ጠረጴዛው ፊት ጋሪውን አቆመና፣ ሳይጠየቅ፣ «ኖ ታንክ ዩ፣ ማም» አለ።

«ኦኬ» አለች ሁመይራ፣ ዓይኗን ወደ ኬንድራ ጣል አድርጋ። «ሃቭ ኤ ጉድ ዴይ።»

ሰውዬው ግን አልሄደም። ቆመ። ሚስቱን አየ፣ ሁመይራን አየ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አለ። ሁመይራ አልገባትም። ከማዶ ፋንታዬ ነች የጮኸችው፦

«እትዬ ሁመይራ! ዛሬ ለምን አትለምኚኝም ነው የሚለው!»

«ምን?»

«ሚስቱ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ ማክሰኞ ቤት ገብቶ፣ አንዲት ሴት እንደ እናቴ በግድ አበላችኝ እያለ ሲያወራ አመሸ፤ ልያት ብዬ መጣሁ። እሱ ደግሞ፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ አልገዛም፣ ግን ትለምነኝ እያለ ነው!»

ሁመይራ ወደ ኬንድራ ዞረች። ኬንድራ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ያኔ ሁመይራ አዲስ ኩባያ ሞላች፣ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣች፣ ቀረበችው። «ፎር ሚ» አለች። «ኖ» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑ እየሳቀ። «ዋን ስፑን።» «ኖ፣ ማም።» «አፈር ስሆን!» ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ በላ። ሚስቱም በላች፤ እሷ ግን አንዴ ብቻ ነው የተለመነችው። አንድም ኩባያ ሳይገዙ፣ ሁመይራን አመስግነው፣ ወደ ሥጋው ሄዱ። ይህን ቆሞ ያየ ሰው ቀረበ። ሌላውም ቀረበ። አንዳንዱ ገዛ፣ አንዳንዱ ካርቶኗን በክፉ ዓይን እያየ በላ፣ አንዲት አሮጊት ሁለቴ ተሰለፈች። እኩለ ቀን ሳይሆን እርጎው አለቀ።

ኬንድራ ታብሌቷን ዘጋች። እርጎው ይቆማል አለች፤ ግርግሩ እስኪበርድ ላርክፊልድ ራሱ በአካባቢው ያለውን ቅምሻ ሁሉ እንዲቆም ዛሬ ጠዋት ጽፏል። ሁመይራ ሽርጧን መፍታት ጀመረች። ኬንድራ እጇን ያዘች።

«አንቺ ግን እዚሁ ነሽ» ፋንታዬ ተረጎመችላት። «ላለመብላት የመጣን ሰው ያበላች ሴት ፎርት ዎርዝ አልልክም እያለች ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሁመስ ነው የሚያቀምሱት። አቤቱታው እንዳይደገም ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ይለምኑ፤ ሦስት አይሆንም ብላለች።»

ሁመይራ አሰበችበት። ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ ማለት ለአንድ ቀን መልካም ነው። ኬንድራ ካርቶኗን አጣጥፋ መኪናዋ ላይ ስትጭናት ሁመይራ ከበሩ ላይ ቆማ የካርቶን ጓደኛዋን «ደህና ግቢ» አለቻት።

ወደ ቤት እየተመለሰች ለሰሀር ደወለች።

«ቦታዬ አለ።»

«ውይ እማ! አልሐምዱሊላህ! ቦይኮቱ ቀረ ማለት ነው?»

«የት ይቀራል፣ ሰዉ እንደተቆጣ ነው። ይቆጣ። በልቶ ይቆጣ።»

ሰሀር ስትስቅ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። የመብራቱ ሰውዬ በራ፤ ሁመይራ ግን ወሬ ላይ ስለነበረች ሳትሻገር ቀረች። ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ቀጣዩን መጠበቅ አልከበዳትም።

«ደግሞ ሁመስ ያሉት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቀምሼው መጣሁ። ሽምብራ እኮ ነው፣ ሰሀር! ሽምብራ! ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው፤ ሰኞ እነግራቸዋለሁ።»