ጠበል ያልሆነው ውሃ

ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ሾፌሩ፤ ከጎኑ የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ማኅበሩን የሚመሩት ጡረታ የወጡ መምህር፤ ከኋላቸው ዳንግላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ ሁለት እህትማማቾች፤ አንድ ልብስ ሰፊ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር፤ ጠላ የምትሸጠው ጓደኛዬ፤ መጨረሻው ወንበር ላይ እኔ። እማማ አልነበሩም። ጀሪካናቸው ግን ከእግሬ ሥር ነበር።

እማማ የምላቸው እናቴን አይደለም። በአንድ ግቢ ከእኛ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። አገራቸው ከእንጅባራ ወዲያ ገጠር ነው። ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲጸልዩ ግን በአዊኛ ነው። እግራቸው ያብጥ ነበር። ጤና ጣቢያ ደም ግፊት ነው ብሎ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሰጥቷቸዋል። ማኅበርተኛው ወደ ማርያም ጠበል ሊሄድ ነው ሲባል ሰምተው፣ ሦስት ሊትር የምትይዝ የዘይት ጀሪካን በአመድ አሽተው አጥበው አመጡልኝ።

«እኔ እንዳልሄድ እግሬ ይኸውልሽ። ለሌላ ሰው አልሰጥም፤ አንቺ ጥንቁቅ ነሽ» አሉኝ።

ጥንቁቅ መባል ደስ ይለኝ ነበር። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ ሰው የሚያመሰግነኝ በዚህ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት ለጸሎት ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ ነው፤ ሦስቱን ልጆች የማሳድገው ብቻዬን ነው ማለት ይቻላል። የከሰል ምድጃውን ሳላጠፋ የወጣሁ እየመሰለኝ ከገበያ መንገድ እመለሳለሁ። ልጆቹ ተኝተው ሳለ ትንፋሻቸውን ለመስማት አጎነብሳለሁ። ጠላ ሻጯ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ታውቃለች። «አንቺ እኮ ልጆችሽን ሳይሆን ፍርሃትሽን ነው የምታሳድጊው። አንድ ቀን ውጪና ነፍስሽ አየር ታግኝ» ብላ ገፋፋችኝ። ትልቋ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ታናናሾቿን እንድትጠብቅ ነግሬ፣ አሮጌውን ስልክ ሰጥቼ፣ ሦስት ጊዜ ከበር ተመልሼ ወጣሁ።

ጠበሉ ቦታ ተጠመቅን፣ ጠጣን፣ ሁሉም በየዕቃው ቀዳ። እኔ የእማማን ጀሪካን እስከ አፉ ሞላሁ። ክዳኑ ልል ስለነበር በፌስታል ጠቅልዬ ከወንበሬ ሥር አቆምኩት። ስንመለስ ሙሴው «ዘንገና ሐይቅ ላይ ስንቃችንን እንብላ» አሉና ወረድን።

ሐይቁን ከዚያ በፊት ከመኪና መስኮት እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ከመንገዱ አይታይም። በእግር መንገዱ ትንሽ ወርጄ ከዛፎቹ መካከል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከታች ክብ ነው፤ ጥቁርም አረንጓዴም ይመስላል። ሌሎቹ ላይ ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል። ማንም አልጠራኝም፤ እኔም ማንንም አልጠበቅሁም። ደረቴ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ነገር የለም። ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ልጆቼን ግን አላሰብኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ያመነታል፤ እናት እንዴት ልጆቿን ትረሳለች? ረስቼ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ወደ መንገዱ ስወጣ ኔትወርክ ገባና ስልኬ ተንጫጫ። ልጄ ሰባት ጊዜ ደውላለች። መልሼ ስደውል ዝግ ነው። ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ።

«ቁጭ በይ፣ ዳቦ ብዪ። አሁን አብረን እንሄዳለን» አሉ ሙሴው።

«ልጄ ሰባት ጊዜ ደውላለች እኮ!»

«እኔን ሚስቴ በቀን አሥር ጊዜ ትደውልልኛለች። እስካሁን አንድም ቀን ሞቼ አላገኘችኝም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር ጎትቼ አወጣሁና በአስፋልቱ የሚያልፍ ሚኒባስ አስቁሜ ቆሰበር፣ ማለትም እንጅባራ ከተማ፣ ገባሁ። ከዚያ በሌላ ወደ ዳንግላ። እየደጋገምኩ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ቤቱ ሲቃጠል፣ ትንሹ ጉድጓድ ሲገባ፣ ሁሉንም አየሁ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ነው ጀሪካኑ ትዝ ያለኝ። «መኪናው ውስጥ ነው፣ ይመጣል» ብዬ ተውኩት።

ግቢ ስገባ ልጆቹ ምሳ በልተው ይጫወታሉ።

«ሽሮው የት እንዳለ ጠፍቶን ነው የደወልኩት» አለች ትልቋ። «በኋላ አገኘነው።»

«ለሽሮ ሰባት ጊዜ? ስልኩስ ለምን ተዘጋ?»

«ስደውል ስደውል ባትሪው አለቀ።»

እማማ ከደጃቸው በርጩማ ላይ ሆነው ያዩኛል። «አመጣሽልኝ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። መኪናው ውስጥ ነው፤ ሲመጡ እቀበላለሁ።»

ይህን ስል አልዋሸሁም። ውሸቱ የመጣው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። የጋሪ መቆሚያው ጋ ሄጄ ስጠብቅ ሚኒባሱ ደረሰ። ሙሴው ባዶውን ጀሪካን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወረዱ። ቦርሳዬን ስጎትት ገፍቼው ኖሯል፤ ክዳኑ ወልቆ እስከ መጨረሻው ጠብታ ፈሷል።

«እመቤት ጥንቁቅ! ጠበል በጫማ አስረገጥሽን እኮ!» አሉኝ በሰው ፊት።

በርበሬ ሻጮቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ጓደኛዬ ብቻ አልሳቀችም። የራሷን ጀሪካን አንስታ «ነይ ላካፍልሽ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የተበላሸው። እኛ አገር ጠበል አንድ ስኒ ከተገኘ በቂ ነው፤ ውሃ ይጨመርበታል፤ ትንሿ ብዙውን ትቀድሳለች ይባላል። ስለዚህ አንድ ስኒ ብቀበል ኖሮ የእማማ አደራ በደረሰ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ነዶ ነበር። ሰባት ጊዜ ስለ ተደወለ ብዬ ሮጬ፣ ለሽሮ ሆኖ፣ ጠበል ደፍቼ፣ ደግሞ ልለምን? «ተዪው፣ ቤት አለኝ» አልኳት። ቤት አልነበረኝም።

ወጥ ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከመጠጥ ውሃችን ጀሪካኑን ሞላሁ። የዚያን ጊዜ ለራሴ «በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ እውነተኛውን አመጣለሁ፣ እስከዚያ ውሃ ሰው አይገድልም» አልኩ።

እማማ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ስመው ግንባራቸውን አስነኩት። ከዚያ መረቁኝ። «ልጆችሽን ክፉ አይንካብሽ። ያሰብሽላቸውን አይተሽ ሙቺ።» አሜን ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም። ያን ሰሞን ትንሹ ልጄ ሲያስነጥስ እንኳ በውሸት የተገዛ ምርቃት ሊመለስብኝ ነው እያልኩ እሸበር ነበር።

ሰባት ቀን ሱባኤ ያዙ። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይጠጣሉ፣ እግራቸውን ያብሳሉ። በአራተኛው ቀን ልብስ ሳሰጣ ጠሩኝ።

«እዪው፣ ቀሎኛል። አጥንቴ ታየ!»

እውነትም እብጠቱ ቀንሶ ነበር። «ኪኒኑንስ እየዋጡ ነው?» አልኳቸው።

«ጠበል ላይ ኪኒን? ማርያምን ልጠራጠራት ነው እንዴ?»

«ሁለቱም አብሮ ይሆናል ይላሉ እኮ እማማ። ካህናቱም ይላሉ።»

«አንቺ ሰማዩ ሳይጠቁር ጃንጥላ የምትዘረጊ!» ብለው ሳቁብኝ። «አትፍሪ። ጥሩ ጠበል ነው ያመጣሽልኝ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የረጠበ ልብስ በእጄ እንደያዝኩ «እሺ» ብዬ ሄድኩ። ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ኪኒኑን የተዉት በእኔ ውሃ ተማምነው መሆኑን እያወቅሁ ነው የሄድኩት።

ሱባኤው አለቀ፣ እሳቸው ግን የተረፈውን እየቆጠቡ መጠጣቱን አላቆሙም። በሦስተኛው ሳምንት ፊታቸውም አበጠ፤ ከክፍላቸው እስከ ቧንቧው ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ይቆማሉ። «በሽታው ሊወጣ ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉኝ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በማግሥቱ ልጆቹን ለጓደኛዬ ትቼ ብቻዬን ወደ ጠበሉ ተነሣሁ።

የገጠር መንገድ ብቻዬን በእግር ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ በተተከለባቸው ማሳዎች መካከል ባለው የእግር መንገድ ገባሁ። ገበሬዎቹ እንጨቱን ቆርጠው አፈር አልብሰው ከሰል ያከስላሉ፤ ጭሱ ከክምሩ ጎን ቀስ ብሎ ይወጣል። የሚያዋራኝ ሰው ስላልነበረ ከራሴ ጋር ብቻ ቀረሁ፤ እሱ ደግሞ ቀላል ጓደኛ አይደለም። ልጆቼን እጠብቃለሁ እላለሁ፤ የምጠብቀው ስሜን ነው። ሰዎች ጥንቁቅ እንዲሉኝ። ጀሪካኑ መፍሰሱ ጥፋት አልነበረም፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ለዚያች ስም ብዬ ነው አንዲት አሮጊትን የሸጥኳት። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ መሄድ ነበረብኝ፣ ሄድኩ።

ጠበሉ ቦታ ያገኘኋቸው ቄስ አዛውንት ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ውሃ የሚባርክ እግዚአብሔር ነው፤ ያንቺንም ባርኮት ይሆናል፤ እሱን እኔ አላውቅም» አሉ። «ኪኒኑን ግን ማን አስተዋቸው? እኛ ኪኒን ጣሉ ብለን አናውቅም።»

«እኔ ነኝ አባ።»

«እንግዲያው ለእኔ ነገርሽኝ እንጂ ለእሳቸው አልነገርሽም። ዛሬውኑ ሂጂ።»

ጠበሉን ቀድቼ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ቃል እያዘጋጀሁ ነበር፦ «እማማ፣ ያ ውሃ ከቧንቧችን ነው። ኪኒንዎን ይዋጡ። ከፈለጉ ይስደቡኝ።» ፈርቼ ነበር፤ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ፍርሃቴና እኔ አንድ አልነበርንም። ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር።

የእማማ በር በቁልፍ ተዘግቷል። የግቢው ባለቤት ከቤቷ ወጣች።

«የወንድማቸው ልጅ ከገጠር መጥቶ ወሰዳቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። በጋሪ እስከ መናኸሪያ ነው የሄዱት» አለችኝ።

«ከእንጅባራ ወዲያ የት ነው አገራቸው?»

«እንጃ፣ በዘንገና በኩል ነው መሰለኝ። ደግሞ አንቺን ሲጠይቁ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አመስግኚልኝ አሉ። ጠበላቸውን ይዘው ሄደዋል፤ የተረፈችውን። ኪኒኑን ግን እዚያው መስኮቱ ላይ ጥለውት ነው የሄዱት።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እንጅባራ ሄጃለሁ። በገበያ ቀን ከዘንገና በኩል የሚመጡትን ሴቶች እየጠየቅሁ ውያለሁ። ስማቸውን ስናገር «የማን ልጅ ናቸው?» ይሉኛል፤ ይህን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ኪኒኑ እኔ ጋ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳሳይ ማቋረጥ እንደሌለባቸው ነግረውኛል።

ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው እዚህ አልጽፍም፤ አጠር ያሉ ቀጭን አሮጊት ናቸው። አንገታቸው ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አላቸው፤ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ፤ ከዳንግላ ነው የመጡት። በዚያ በኩል ያላችሁ፣ ያያችኋቸው ወይም የሰማችሁ ካላችሁ፣ በሕይወት መኖራቸውን ንገሩኝ። ካሉ ደግሞ ውሃውን እንዲተዉትና ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ንገሩልኝ፤ የቀረውን እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።